ትርፉ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ጓጉንቸር በነጻ ሲሰጡኝ ደስ አይለኝም። ለምን ብትሉኝ፣ ጓጉንቸር ከሁለት ቁልፍ ጋር ነው የሚመጣው። ስገዛው ሁለቱንም በእጄ እረከባለሁ። በነጻ የሰጠኝ ሰው ግን አንዱን ብቻ ቢያቀብለኝ ምን እላለሁ? ሁለተኛውስ ብዬ ብጠይቅ ነውር ነው፤ የሰውን ስጦታ አገላብጦ ማየት ይሆንብኛል። ስለዚህ ዝም እላለሁ። ዝም አልኩ ማለት ግን አመንኩ ማለት አይደለም።

እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ሞያሌ ውስጥ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክሩልኛል። ባለቤቴ ዳርሚ ደግሞ ትመሰክርብኛለች። «ከዚህ ሰውዬ ጋር መኖር ከግድግዳ ጋር መኖር ነው፤ ግድግዳ እንኳ ጥላ አለው» ትላለች። እውነቷን ነው። ዛሬ ግን አፌን የሚያስከፍት ነገር አለኝ። እስቲ ቀረብ በሉ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምነግራችሁ። ለምን ዝቅ እንዳደረግኩ ኋላ ይገባችኋል።

ነገሩ የስልክ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስልክ ግን አለኝ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ስልክ ምን ያደርግለታል ትሉ ይሆናል። ድምፅ አለ አይደል? ልጄ ጉዮ ከከብቶቻችን ጋር ኡራን በኩል ነው የሚውለው። እነሱ ያሉበት ቦታ ኔትወርክ የለም። የሚነግረኝ ሲኖረው ቦዳቦዳ በምንለው የኪራይ ሞተር ላይ ይወጣና ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ሄዶ በድምፅ ይልክልኛል። ከላከ በኋላ ተመልሶ ይወርዳል። ከዚያ ብደውል፣ ብደውል፣ የለም። እንደገና እስኪወጣ ድረስ ለእኔ ልጅ የለኝም። ስለዚህ የላከውን ደህና አድርጌ መስማት አለብኝ።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ጆሮዬ ከብዷል። ስልኩን እስከ መጨረሻው አስጩኼ ነው የማዳምጠው። ጉዮ ደግሞ ኮረብታ ላይ ከነፋስ ጋር እየታገለ ስለሚናገር እሱም ይጮኻል። የእሱ ጩኸትና የእኔ ስልክ ጩኸት ሲገናኙ የሐሊማ ሆቴል በሙሉ ቤተሰባችን ይሆናል።

ሆቴል ስላችሁ አልጋ ያለው እንዳይመስላችሁ። በእኛ ከተማ ሻይና ቻፓቲ የሚሸጥበት ቆርቆሮ ቤት ሁሉ ሆቴል ነው። ስልኬን ቻርጅ የማደርገው እዚያ ነው። ስልኬ ያለበት እኔም አለሁ።

ታዲያ ዝናቡ እንቢ ባለበት ወቅት አንድ ቀን ጉዮ ላከ። «አባ፣ ከኡራን ወዲያ ዝናብ ጥሏል፤ ሣር አለ፤ ከብቶቹን ነገ እነዳለሁ። ለማንም እንዳትነግር!» አለ። እኔም ለማንም አልነገርኩም። ማን ይቀራልና ነው የምነግረው? ሆቴሉ በሙሉ «ለማንም እንዳትነግር» የሚለውን ሳይቀር ሰምቷል። ጉዮ እዚያ ሲደርስ የሰው ከብት ቀድሞት ሣሩን ግጦ፣ ጠግቦ ያመሰኳል። የባልንጀራዬ የጋልጋሎ ከብቶች ከሁሉም ፊት። የእኛዎቹ የደረሱት ለአቧራው ነው።

ጉዮ ኮረብታው ላይ ወጥቶ የላከው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አባ፣ ለማን ነገርክ?» እኔም መለስኩ፤ «ለማንም።» እውነቴን ነበር። ግን አላመነኝም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምነኝም።

ያን ቀን ተናደድኩ። ዝምተኛ ሰው ሲናደድ ሰው ይደነግጣል። ሐሊማ ሆቴል መሃል ቆምኩና፣ «ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ስልክ ሲናገር እዚህ ቤት ጆሮ ያለው ሰው እንዳይኖር!» አልኩ። ጋልጋሎ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ከብት የደለልኩት ጋልጋሎ፣ ወዲያው እጁን አነሳ። «ወላሂ አባ ጉዮ፣ እኔ የሰው መልእክት ሰምቼ አላውቅም። ከብቶቼ ራሳቸው ናቸው የሄዱት።» ሐሊማም ጀበናውን እንደያዘች ማለች። ከኋላ ቻፓቲ የሚበሉትም እያኘኩ ማሉ። እሺ አልኩ። የማለን ሰው ምን ታደርገዋለህ?

ሳራ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው።

ሳራ የናይሮቢ ልጅ ናት። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ በስደት የመጡ ናቸው። አማርኛውን ከቤት፣ የቀረውን ከመንገድ ነው የለቀመችው። በአማርኛ ትጀምርና፣ በስዋሂሊ አድርጋ፣ በእንግሊዝኛ ትወጣለች፤ እንዳልተፈተሸ ሎሪ ድንበሩን ሁሉ ዝም ብላ ነው የምታልፈው። ሥራዋ አንድ አፕ ማስለመድ ነው። ስልክ ለስልክ የሚላላኩትን የሚቆልፍ አፕ። ዋጋው ነጻ ነው። ሐሊማ ጋ ጥግ ያለውን ጠረጴዛ ያዘችና ለቤቱ ሁሉ ሻይ አዘዘች። ሻዩም ነጻ ነው።

እኔ ሻዩን ጠጣሁ። ግን በጥርጣሬ ነው የጠጣሁት።

የመጀመሪያ ቀን ተነስታ ተናገረች። ስልካችን ውስጥ የምንለውን ሁሉ የሚሰሙ አሉ፣ ኩባንያዎች ይሰሙናል፣ መንግሥትም ከፈለገ ይሰማናል፣ አለች። እንደነግጣለን ብላ ጠበቀች። ጋልጋሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«መንግሥት ይሰማናል ነው የምትዪው?»

«ሊሰማ ይችላል ባባ።»

«አንቺ ልጅ! የውሃውን ነገር ስንጮህ ጥርሳችን ረገፈ። የሚሰማን አለ? በየት በኩል ነው የሚሰማው? ከላይ ነው ከታች? አሳዪን እንጂ!»

ከዚያማ ማን ይቻለው! አንዱ ስልኩን እንደ ማይክሮፎን አፉ ላይ ደቅኖ ስለ ውሃው መናገር ጀመረ። ሐሊማ ከምድጃው ተነስታ መጥታ፣ «የመብራቱንም ጨምርበት! ስሜንም ንገር፣ ሐሊማ በል!» ትላለች። ሳራ መሃላችን ቆማ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ታያለች። የዚያን ቀን አፑን የወሰደ ሰው የለም።

በማግስቱ ኮፍያ ይዛ መጣች። ኮፍያው ላይ የጓጉንቸር ሥዕል አለው። ኮፍያውን ሁላችንም ወሰድን፤ ጥሩ ኮፍያ ነው፣ ፀሐይ ይከላከላል። አፑን አሁንም የወሰደ የለም። ጓጉንቸሩን አናታችን ላይ አድርገን እንደ በፊቱ እንጮኻለን።

በመጨረሻ እኔ ጋ መጥታ ተቀመጠች። «አባባ፣ አንተ አትናገርም እንጂ ታያለህ። ምን ላድርግ? ሰዉ ለምን አይወደውም?» አለችኝ።

እኔም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ የተቀመጠውን አወጣሁት።

«ትርፉ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«ትርፍ ቁልፍ የለውም አባባ። ጉዮ ሲልክልህ እሱ ስልክ ላይ ይቆለፋል፤ የሚከፈተው አንተ ስልክ ላይ ብቻ ነው። አፑን የሠሩት ሰዎች እንኳን መሃል ላይ ሊከፍቱት አይችሉም።»

«የሠሩትን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ?»

«እነሱን... አላውቃቸውም። ባሕር ማዶ ናቸው። ግን አሠራሩን ደብቀው አልያዙትም። ለሁሉም ክፍት ነው፣ የፈለገ ሰው ገብቶ ያየዋል።»

«ምስጢር ጠባቂው ራሱ ምስጢር የለውም?»

«የለውም!» አለች፤ ደስ አላት።

«አንቺ ገብተሽ አይተሻል?»

«እኔ እንኳን... የሚያዩ ሰዎች አሉ።»

«እነሱንስ ታውቂያቸዋለሽ?»

ሻይዋን ማማሰል ጀመረች። ስኳሩ ቀድሞ ሟሙቶ ነበር፤ ቢሆንም አማሰለች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ቀና ብላ፣ «ዋናው ነገር አባባ፣ ከአንተ በቀር ማንም ሊያነበው አይችልም!» አለች።

«ልጄ» አልኳት፣ «እዚህ ቤት ከእኔ በቀር ሁሉም ማንበብ ይችላል። የማልችለው እኔ ብቻ ነኝ።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የምስቅበት ነገር አልነበረም።

ግን አሳዘነችኝ። የምትዋሽ ልጅ አትመስልም፤ የሌለችበትን ነገር ልትምልበት የተገደደች ልጅ ነው የምትመስለው። ስለዚህ ስለ ሻሉ ነገርኳት። እናንተም ካልሰማችሁ ልንገራችሁ።

የእኛ የከብት ድለላ በአፍ አይደለም። ገዢና ሻጭ በሻል ሥር እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ዋጋው የሚነገረው በጣት ነው፤ ጣት ትይዛለህ፣ ትጨብጣለህ፣ ትለቃለህ። ገበያተኛው ከቦህ ቆሞ ያፈጣል። የሚያየው ግን ሻል ብቻ ነው። እኔና ጋልጋሎ በዚህ ነው ያረጀነው።

ሳራ ከወንበሯ ተነሳች። «አባባ፣ ይሄ ራሱ ነው! የእኛ አፕ ማለት ሻል ማለት ነው!» አንተንና ባባ ጋልጋሎን በሻል ሥር እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ፎቶ ላንሳችሁ፣ ፖስተር ላሠራ፣ አለች። ጉድ እኮ ነው። የምስጢራችንን ሻል ግድግዳ ላይ ልትለጥፈው።

ፎቶውን እንቢ አልኳት። ምክሩን ግን ሰጠኋት። «ሻሉ ባሕር ማዶ ላለ ሰው አይደለም» አልኳት። «ለመንግሥትም አይደለም። አጠገብህ ለቆመው ሰው ነው። የማያውቀኝ ሰው ቢሰማኝ ምን ያደርገኛል? የሚያውቀኝ ነው የሚያስፈራኝ። አንቺ ሩቅ ሩቁን ትነግሪናለሽ። ቅርቡን ንገሪን።»

«ቅርቡ ማን ነው?»

«አማት» አልኳት።

በማግስቱ ሳራ ሴቶቹን ሰብስባ ያለችው አንድ ነገር ነው። ይህን አፕ ከጫናችሁ አማታችሁ ስልካችሁን ብታነሳም ከእህታችሁ ጋር የተባባላችሁትን አታገኝም። በቃ። ቀዳሚዋ ሐሊማ ነበረች፤ ቻፓቲው ምጣዱ ላይ እያረረ። ሴቶቹ ሲያስጭኑ ያዩ ባሎች፣ ምን ልትደብቂ ነው ብለው እነሱም መጡ። ባሎቹ ሲያስጭኑ ያዩ ሌሎች ሚስቶች ደግሞ ተከተሉ። ሳራ እየዞረች ታመሰግነኛለች። እኔ ግን አልወደድኩትም። ከተማው ምስጢር የሌለው ከተማ ነበር፤ አሁን ሁሉም ሁሉንም ይጠረጥራል። ጎረቤቴ ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ሲሄድ ባየሁ ቁጥር ምን ያህል ሣር አገኘ እላለሁ።

እኔስ ለምን አስጫንኩ? ወደዚያ ልመጣ ነው።

ድርቁ አልለቀቀም። ጉዮ ጠንካሮቹን ከብቶች ይዞ ሣር ፍለጋ ሲዞር፣ ደካሞቹና ጥጆቹ ኦዳ ቀርተው ነበር፤ ኦዳ ለከተማው ቅርብ ነው፣ ድርቆሽ ገዝተን እናቀርብላቸዋለን። ድርቆሹ እያለቀ መጣ። ላሞቹ ጠዋት መነሳት አቃታቸው። ጅራታቸውን ከኋላ፣ ቀንዳቸውን ከፊት ይዘን ነበር የምናቆማቸው። ላም በጅራቷ ስታነሳ ዓይኗን አትይ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከብት ሸጫለሁ፣ ያን ዓይን ግን አልችለውም። እነዚህ ካለቁ በኋላ ቤታችን ወተት የለም፣ ጉዮም ነገ የሚያረባው የለውም። ጉዮ ሌላ ሣር ካገኘ በሎሪ እናደርሳቸዋለን። ያንን ሣር ደግሞ ሆቴሉ ከሰማው አለቀላቸው።

ጉዮ ጨው ሊገዛ ከተማ የገባ ዕለት ሁለታችንም ሳራ ጋ ሄድንና አስጫንን። እኔ ግን በመቆለፉ ብቻ አልረካሁም። ስልኬ እኮ የእኔ ብቻ አይደለም፤ ቀን ሐሊማ ጋ ቻርጅ ላይ ይውላል፣ ማታ ዳርሚ እጅ ያድራል። «ከሰማሁት በኋላ እዚያው ውስጥ ይቀመጣል?» አልኳት። አንዴ እንደተሰማ ራሱን እንዲያጠፋ ማድረግ ይቻላል አለች።

«እንደዚያ ይሁን።»

«አባባ፣ አንዴ ብቻ ነው የምትሰማው። መድገም የለም።»

«አንዴ ይበቃኛል» አልኳት።

ያን ቀን ማታ ዳርሚ ስልኩን አይታ፣ «ይሄ ጓጉንቸር ምንድን ነው? ማን ናት?» አለች። ኧረ ጉዮ ነው አልኳት። «ጉዮን ከእናቱ ምን ያስቆልፈዋል?» አለች። ከዚያ ወዲያ የሚቀርብልኝ ሻይ ስኳር ጎደለው።

ቀኑ ደረሰ። አንድ የምናውቀው ሹፌር ፍየል ሊጭን ባዶ ሎሪውን ይዞ ወደ ኡራን ይሄዳል። ደካሞቹን አደርስልሃለሁ አለ። ጠዋት ኦዳ ሄደን ላሞቹንም ጥጆቹንም ተሸክመን ጫንናቸው። ሎሪው መጥቶ ሐሊማ ደጅ ቆመ። የቀረው የጉዮ ቃል ብቻ ነው። ኡራንን ስታልፍ መንገዱ ይበታተናል፤ ወዴት እንደሚታጠፉ የሚያውቀው እሱ ነው። በተሳሳተ መንገድ ከሄዱ ከብቶቹ መመለሱን አይችሉትም። ሹፌሩም ሌላ ቀን የለውም።

ስልኩ ጮኸ። ጉዮ ነው።

ስልኩን ይዤ ጥግ ገባሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሻሌን በራሴ ላይ ደፋሁ። ከውስጥ የሳራ ጓጉንቸር፣ ከላይ የእኔ ሻል። ድርብ ነው፤ ማን ይደፍረዋል? ድምፁን ግን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ምን ላድርግ? ካልጮኸ አልሰማም።

«አባ! ደህና ናችሁ? ሣር አግኝቻለሁ!» አለ ጉዮ። «ለሹፌሩ እንዲህ ብለህ ንገረው...»

ይሄኔ ሹፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። ዝም አይልም፤ ይነፋል። ከሻሉ ውስጥ ራሴን አውጥቼ፣ «መጣሁ! አንዴ ታገሥ! እየሰማሁ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ተመልሼ ስገባ ጉዮ፣ «...በል እንግዲህ፣ ለማንም እንዳትነግር። ደህና ዋል» አለ።

ዝም።

ነካሁት። ምንም የለም። እንደገና ነካሁት። ሳራ ከጠረጴዛዋ ተነስታ መጣች፣ ስልኩን አየችው።

«ጠፍቷል አባባ። እንዳልከው።»

«መልሺው።»

«አይመለስም! ማንም ሊመልሰው አይችልም!» አለች። በኩራት ነው ያለችው። ከዚያ ፊቴን አየችና ኩራቱ ጠፋ።

ለጉዮ ደወልኩ። የለም፤ ከኮረብታው ወርዷል። ሻሉን ከራሴ አነሳሁና ወደ ሆቴሉ ዞርኩ። ሁሉም አቀርቅሯል። እንደዚያ ቀን ያለ አቀርቅሮ ሻይ መጠጣት አይቼ አላውቅም።

«ጉዮ የት አለ?» አልኩ።

«ጋልጋሎ፣ የት ነው ያለው?»

«ማን? የት?» አለ ጋልጋሎ። «እኔ ምን አውቄ? ወላሂ ብዬ የለ? አንተው ነህ ጆሮ አይኑራችሁ ያልከን። ጆሯችንን ያን ቀን አስረክበንሃል አባ ጉዮ።»

«ሐሊማ?»

«ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር።»

ያንኑ አንድ ብርጭቆ ነው የምታጥበው።

«ሳራ፣ ልጄ?»

ጉንጯ ቀላ። «አባባ፣ በእኛ ሥራ የሰው መልእክት መስማት ክልክል ነው» አለች። ልብ በሉ፤ አልሰማሁም አላለችም። ክልክል ነው ነው ያለችው። እኔ ደላላ ነኝ፤ እንዲህ ያለው ነገር አያመልጠኝም።

ከሎሪው ጥጃ ጮኸ። በእንጨቱ መሃል አፍንጫው ወጥቷል። ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ምዜ፣ አሁን ወዴት ነው? ፀሐይዋን እያት!» ይላል።

ሁሉም ያውቃሉ። ጋልጋሎ እንደሚያውቅ ያወቅኩት ብርጭቆው ውስጥ ስለሚያይ ነው፤ በሻሉም ሥር ዋጋ ሲደብቀኝ እንደዚያው ነበር የሚያደርገው። ግን ምለዋል። አንዱ ሰምቼ ነበር ቢል የድሮውም ሊወጣ ነው። እነሱ ከሚያፍሩ የእኔ ጥጆች ቢሞቱ ይቀላቸዋል። ወይ ደግሞ፣ ይህንን ማሰብ አልፈልግም ነበር፣ ሣሩን ለራሳቸው ፈልገውት ይሆናል።

የገበያ ዘዴ ትዝ አለኝ። ሻጩ ዋጋ አልናገርም ብሎ ድርቅ ሲል እኛ ደላሎች የማይሆን ዋጋ ጮክ ብለን እንጠራለን። ሰው ዝም ማለትን ይችላል። ስህተት ሰምቶ ዝም ማለትን ግን አይችልም።

ወደ ደጅ ወጣሁ። «ወደ ጎዶማ ንዳ!» አልኩት ሹፌሩን፣ ጉዮ ከነፋስ ጋር እንደሚጮኸው አድርጌ።

ጎዶማ ሣር የሚባል የለም፤ ጉዮ እዚያ ሊሆን እንደማይችል እኔም አውቃለሁ። ከኋላዬ ጋልጋሎ ሻይ ትን አለው። የሐሊማ ብርጭቆ ወደቀ። የተናገረ ግን የለም። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። አሁንም የለም። ሎሪው ተንቀሳቀሰ። እግሬ ሥር መሬቱ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ተሳስቼ ይሆን? ጆሯቸውን እውነት አስረክበውኝ ይሆን?

«አይ! አባባ! ጎዶማ አይደለም!»

ሳራ ናት። ሮጣ መንገድ ላይ ቆማለች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ። ሎሪው ቀጥ ብሎ ቆመ። «ኡራንን እንዳለፋችሁ በስተግራ፣ የተበላሸው የውሃ ፓምፕ ጋ ሳትደርሱ ወደ ጥቁሩ ኮረብታ!» አለች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሳትደርሱ አይደለም!» አለ ጋልጋሎ፤ ደጁ ላይ ቆሟል። «ፓምፑን አልፋችሁ ነው ያለው! ከብት ልትገድዪ ነው እንዴ?»

«ሁለታችሁም አልሰማችሁም» አለች ሐሊማ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «ፓምፑን አልፎ፣ መንታው ግራር ጋ ሲደርስ ወደ ኮረብታው ይታጠፍ ነው ያለው። ኩሬውም ሞልቷል አለ።»

«ቀይዋ ላም ወልዳለችም ብሏል!» አለ ከውስጥ ቻፓቲ የሚበላው።

ይህንንስ አልሰማሁም ነበር። ቀይዋ ላም! ከእሷስ ጥጃ ተስፋ ቆርጠን ነበር።

«ወይፈን ነው ጊደር?» አልኩ።

«ጊደር!» አለ ሆቴሉ በሙሉ፣ በአንድ ድምፅ።

ሎሪው ሄደ። በመንታው ግራር በኩል ታጥፎ ከመምሸቱ በፊት ደረሰ። ጉዮ አወረዳቸው። ያ አፍንጫው የወጣው ጥጃ ዛሬ ሲዘልል አጥር አይመልሰውም ይሉኛል።

ሳራ ያን ዕለት ከሎሪው በኋላ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ቀና ብላ አላየችኝም። «ይቅርታ አባባ፤ ሰማሁ። መስማት አልነበረብኝም» አለች። ምን ብዬ ልቆጣት? ጥጆቼ መንገድ ላይ ናቸው። ሻይ አዘዝኩላት፤ ይሄኛው የእኔ ነው፣ አይጠረጠርም።

«መጀመሪያ የጠየቅኩሽን ታስታውሻለሽ?» አልኳት። «ትርፉ ቁልፍ ማን ጋ ነው ብዬሽ፣ የለም ብለሽኝ ነበር። እኔ ባሕር ማዶ ነበር የምፈልገው። ለካ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስኳር አብዝቶ ሻይ ይጠጣል።»

አሁን ሳቀች፤ እኔም በመጠኑ።

አፑን አላጠፋሁትም። ሰው ሲጠይቀኝም ውሰዱት እላለሁ። ጥሩ ጓጉንቸር ነው። ከልጄ ስልክ እስከ እኔ ስልክ ድረስ አንድም ሰው አልነካውም፤ ሳራ አልዋሸችም። ግን ስትከፍቱት ሰው ያለበት ቦታ ክፈቱት።

ስለ ዳርሚ የጠየቀ ካለ፣ ስኳሩ ተመልሷል። ስለ ጊደሯ ከሐሊማ ሰምታ መጥታ ለእኔ ነገረችኝ።

የጋልጋሎ ከብቶችም በሦስተኛው ቀን ከኮረብታው ሥር ታይተዋል። ጠየቅኩት። ከብት የዝናብ ሽታ ያውቃል አለኝ፣ ብርጭቆው ውስጥ እያየ። ይሁን። እዚያ የጣለው ዝናብ ለሁሉም ይበቃል፤ ላሞቹን ጠዋት ለማንሳትም የጋልጋሎ ልጆች ክንድ ጠቅሟል።

ጉዮ ግን አሁንም እንደተናደደ ነው። ኮረብታው ላይ ወጥቶ ላከልኝ። ሐሊማ ሆቴል መሃል፣ ሻል ሳልደርብ፣ እስከ መጨረሻው አስጩኼ ሰማሁት።

«አባ፣ የጋልጋሎ ከብቶች እዚህ ናቸው። ለማን ነገርክ?»

«ለማንም» ብዬ መለስኩለት። «እነሱ ናቸው የነገሩኝ።»